ወደ ቄራ የወረደው ለምነት

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። በላይኛው ጫፍ፣ ካዛንቺስ አጠገብ ባሉት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሾች፣ ስለ አህጉሩ እርሻ፣ ስለ አፈሩና ስለ ከብቱ ይመከራል። በታችኛው ጫፍ፣ ቄራ፣ ከቦረናና ከሐረር፣ ከወለጋና ከጎጃም በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሰንጋ ይታረዳል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ላይ የሚባለውና ታች የሚደረገው ግን እስከ ዛሬ በወጉ አልተገናኙም። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማየት ከተማዋ ከመቆርቆሯ ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1879 በፊት፦ በሬው፣ ማሳውና ጋጣው

የኢትዮጵያ ደገኛ በሬ ጠምዶ ማረስ የጀመረው ክርስትና ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የከብቱ ጤናና የመሬቱ ጤና ተለያይተው አልታሰቡም፤ ለማሰብም አያመችም ነበር። በሬው ከከሳ እርሻው ይዘገያል፣ እርሻው ከዘገየ ጭዱ ያንሳል፣ ጭዱ ካነሰ በሬው ይብሱን ይከሳል። በሰንበትና በየወሩ በዓላት በሬ አይጠመድም። ገበሬው ይህን የሚጠብቀው ለሃይማኖቱ ብሎ ነው፤ ዕረፍቱ ግን ለበሬውም ደርሷል። አዝመራው ሲነሣ ከብቱ ማሳው ላይ ተለቆ ቃርሚያውን እየበላ እበቱን እዚያው ይጥላል። የጋጣው ፍግ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ራቅ ያለው ማሳ ደግሞ ጦም እያደረ ይመለሳል።

ይህን ዑደት እስከ ጥግ የወሰዱት ጉራጌና ሐረርጌ ናቸው። ጉራጌ ከብቱን ሌሊት ከራሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳድርና ጠዋት የተጠረገውን እበት እንሰቱ ሥር ያፈስሳል። ያ ሁሉ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ለዘመናት የኖረው በዚህ ፍግ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ደግሞ ወይፈን ገዝቶ ጥቂት ዓመት ያርስበትና ከማሽላው ማሳ የሚያሳሳውን አገዳ በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። ከዚያ በሬው ሰንጋ ተብሎ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ፍጉ ግን ማሳው ላይ ቀርቷል። አፈርን የሚያድስ ግብርና ዛሬ በየስብሰባው አዲስ ነገር ሆኖ ሲቀርብ እሰማለሁ፤ ሐረርጌ ሄዶ የሚያይ ሰው ብዙ አይደነቅበትም።

ወርቃማ ዘመን ነበር ለማለት አይደለም። ጅራፉ ነበረ። ጀርባው በኮርቻ ተልጦ ዝንብ የወረረው አህያ ነበረ፤ ዛሬም አለ። በአብዛኛው ደጋ ግን የከብቱ ጉዳት በቀጥታ የባለቤቱ ጉዳት ነበር። በኋላ የተበጠሰው ይህ ትስስር ነው።

ከ1880 እስከ 1884፦ ክፉ ቀን

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ነው የደስታ በሽታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ወደ አገር የገባው። ጣሊያኖች ለጦራቸው ስንቅ ከሕንድ ባስመጧቸው ከብቶች በምጽዋ በኩል ገብቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ከአገሪቱ የቀንድ ከብት እስከ 90 በመቶው እንዳለቀ ይገመታል። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተደራረቡበት፤ ሆኖም ረሃቡን ለዓመታት ያስቀጠለው የበሬው ማለቅ ነው። ዝናብ ቢመለስ ማን ይረስ? ዘር ያለው ገበሬ እንኳ የሚጠምደው አልነበረውም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንሥተው መሬት ቆፍረው ለመኳንንቱ ምሳሌ እንደሆኑ የዘመኑ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥት ዶማ የጨበጠው በሬ ስለጠፋ ነው።

ክፉ ቀን የተባለው ይህ ረሃብ ሁለት ነገር ትቶ አለፈ። አንደኛው፣ የገበሬው ኑሮ ምን ያህል በአንድ እንስሳ ጫንቃ ላይ እንዳለ ማሳየቱ ነው። ሁለተኛው ብዙም አይነገርለትም፦ ከብት የጨረሰው ሰሜንና መሐል አገር ዓይኑን ወደ ደቡብ አዞረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ዘመቻዎች የተማረከው ከብት በሺዎች እየተነዳ ወደ ሸዋ መጣ። አዲስ አበባ በሕፃንነቷ የተማረችው የራሷን ከብት ማርባትን ሳይሆን የሌላውን ከብት መሳብን ነው።

ከ1885 እስከ 1928፦ የግብር ከተማ

ዛሬ ካዛንቺስ ከሚባለው ሰፈር በስተምዕራብ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት በትልቁ ግቢ አዳራሽ፣ በግብር ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ይበላ ነበር። ጥሬው ሥጋ በዘንግ ተንጠልጥሎ በሁለት ሰው ትከሻ በተመጋቢው መሐል ይዞራል። ያን ሁሉ ሰንጋ የሚያቀርበው ባላገሩ ነው። ለከተማው የሚመጣውን ለመቀበልም ከግቢው በታች ባለው ሜዳ ላይ ሰፈሮች እየተከፈቱ ሄዱ፤ ሰንጋ ተራና በቅሎ ቤት ዛሬም ስማቸው አልተቀየረም። ቅርጫውም፣ የዓውደ ዓመቱ በግም፣ የሠርጉ ድግስም እዚህ ላይ ሲጨመር ከተማዋ ከገጠሩ የምትወስደው በዓመት ምን ያህል እንደነበር መገመት አይከብድም። በምትኩ ወደ ገጠሩ የምትመልሰው አልነበረም።

ሌላው መዘዝ ከማገዶ መጣ። በእንጦጦና በዙሪያው ያለው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጨፍጭፎ አለቀ። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመጀመር ደርሰው ነበር፤ ሐሳባቸውን ካስቀየሯቸው ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት ማደጉ ነው። የባሕር ዛፉ ታሪክ በብዙ ተጽፏል። የኩበቱ ግን እንደተዘነጋ ነው። እንጨት በራቀበት አገር ሁሉ ሴቶች እበት ጠፍጥፈው አደረቁ፤ ከቤታቸው የተረፈውንም በጀርባቸው አዝለው ከተማ አውርደው ሸጡ። አንድ እንስሳ ከማሳው የበላው ሣርና ጭድ በእበት መልክ ወደዚያው ማሳ መመለስ ሲገባው የአዲስ አበባን ምጣድ አሰማ። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ልጆቹ ጥሬ አይበሉም፤ ማገዶ ከሌለ ምርጫ የለም።

በ1909 ባቡሩ ለገሃር ሲደርስ ቆዳ ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ንግድ ሆኖ ነበር። ሥጋው ከተማ ይበላል፤ ቆዳው በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። በ1900 የእርሻ ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ ሚኒስቴሮች አንዱ ሆኖ ተቋቁሞ ነበር። ይሁንና ከብትን ከማሳው ጋር አያይዞ የሚያስብ ሥራ ከዚያ መጣ ለማለት አያስደፍርም።

ከ1928 እስከ 1949፦ መኪናና የውጭ ላም

ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ሠርተው ሰፈሩን ካዛንቺስ አሰኙት። ለእኛ ታሪክ ከቤቶቹ ይልቅ መንገዶቻቸው ይበልጣሉ። ቀደም ሲል በእግሩ እየተነዳ፣ እየጋጠና እያረፈ ይመጣ የነበረው ከብት ቀስ በቀስ የመኪና ጭነት መሆን ጀመረ። ለነጋዴው ጊዜ ተቆጠበ። ለሰንጋው ግን ጉዞው ውኃና ሣር የሌለበት፣ ቆሞ የሚያድርበት፣ ጓደኛው ከወደቀ የሚረግጥበት ሆነ።

ከነፃነት በኋላ በ1939 የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት 300 የሚያህሉ የፍሪዢያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። ዘመናዊ የወተት እርባታ በአገራችን የሚቆጠረው ከዚህ ነው። እነዚህ ላሞች ከቦረና ወይም ከሆሮ ላም ብዙ እጥፍ ይታለባሉ፤ መኖ፣ ጥላና ሐኪም ካጡ ግን አይችሉም። በጭድና በጥቂት ጨው የምትኖረውን ላም የለመደ አገር ያልለመደውን ዕዳ ተቀበለ።

ከ1949 እስከ 1966፦ ቄራውና አዳራሹ

በ1949 የአዲስ አበባ ቄራ ሥራ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ዕርዱ በየግቢው፣ በየሥጋ ቤቱ ጓሮ፣ በየወንዙ ዳር ነበር። ቄራው የክርስቲያንና የሙስሊም ዕርድን ለይቶ፣ ሥጋው በሐኪም ተመርምሮና ማኅተም ተመትቶበት እንዲወጣ አደረገ። ለከተማው ጤና ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን አቃልሎ ማየት አይገባም። ቦታውም በጊዜው ትክክል ነበር፤ በደቡብ የከተማው ዳርቻ፣ ወንዝ አጠገብ።

የተሠራው ግን ለሚበላው ሰው ታስቦ ነው። የሚታረደው በጥያቄው ውስጥ አልነበረም፤ አፈሩም አልነበረም። በአገራችን ቄራዎች ለረጅም ጊዜ የተለመደው አሠራር ሰንጋውን ማጅራቱ ላይ በጩቤ ወግቶ መጣል ነው። በሬው ወዲያው ይወድቃል፤ ነገር ግን ሰውነቱ ሽባ ሆነ እንጂ ራሱን አልሳተም። ደሙ እስኪፈስ ያለውን እያወቀ ይቆያል ማለት ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መመሪያም ይህን ዘዴ አይቀበለውም። በቄራው ከዕርድ ተረፈ ምርት የመኖ ግብዓት የሚያዘጋጅ ክፍል ቢኖርም ፈርሱ፣ ደሙና እጣቢው ብዙው ከወንዙ ጋር ወደ አቃቂ ወረደ። ከቄራ በታች በጎፋና በመካኒሳ ዳርቻ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን የሚያለሙ አትክልተኞች በዚያው ወንዝ ያጠጣሉ። እንዲያው ቢታይ ለምነቱ በአቋራጭ ወደ አፈር ተመለሰ ያሰኛል። ችግሩ ወንዙ የሚሸከመው ፈርስ ብቻ አለመሆኑ ነው። የፋብሪካው ፍሳሽና የየሰፈሩ ሽንት ቤት አብሮት ይወርዳል፤ በአቃቂ ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ጎጂ ብረታ ብረት አግኝተዋል።

ቄራው ከተከፈተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው፣ አፈወርቅ ተክሌ በመስታወት ሥዕል ያስጌጠው የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። ቂርቆስ በአራት ዓመት ልዩነት ሁለቱንም አገኘች፤ የአህጉሩ መምከሪያና የከተማው ማረጃ። ሾላ የሚገኘው የወተት ማቀነባበሪያም በዩኒሴፍ እርዳታ የቆመው በእነዚሁ ዓመታት ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሩት ሃሪሰን የምትባል ጸሐፊ ከብትና ዶሮ እንደ ፋብሪካ ዕቃ የሚያዙበትን እርባታ የሚያጋልጥ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1964 አሳተመች። በዓመቱ መንግሥት ያቋቋመው የብራምቤል ኮሚቴ አንድ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን መላስና እግሩን መዘርጋት መቻል አለበት አለ። በኋላ «አምስቱ ነፃነቶች» የተባሉት ከዚህ አድገው ወጡ። የጎጃም ገበሬ ይህን ቢሰማ ለምን ሕግ እንዳስፈለገው ይገርመው ነበር፤ አዲስ አበባ ጓሮ ውስጥ የምትታሰረዋን ላም እስኪያይ።

ከ1967 እስከ 1983፦ የጓሮዋ ላም

በ1967 የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሱ። በመሐል ከተማ የቀበሌ ቤቶች ጠበቡ፣ ግቢዎች ተከፋፈሉ፣ ኑሮው ተወደደ። ብዙ ቤተሰብ፣ በተለይም ሴቶች፣ አንድ ሁለት ላም በጓሮ አስረው ወተት በመሸጥ ልጆች አሳደጉ። መኖው ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጭድና የጠላ አተላ ነው። ይህ አኗኗር በራሱ አንድ ብልሃት አለበት፦ የከተማው ተረፈ ምርት፣ የዘይት መጭመቂያው፣ የዱቄት ፋብሪካውና የጠላ ቤቱ ትራፊ ሁሉ ወደ ወተት ተቀየረ።

ላሚቱ ግን ሣር ሳትረግጥ ትኖራለች። ሲሚንቶ ላይ ቆማ ኮቴዋ ይረዝማል፣ ጡቷ ይታመማል፣ ወንዱ ጥጃ ገና በሳምንቱ ሸክም ይሆናል። እበቱም ቢሆን የሚሄድበት ማሳ የለውም፤ ከፊሉ ደርቆ ማገዶ ይሆናል፣ የቀረው ቦይ ይገባል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት ከ5 ሺህ በላይ የወተት ላም አርቢዎችንና በዓመት 35 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ወተትን መዝግቧል። ያ ሁሉ መኖ ከገጠር ማሳ የወጣ ነው። ወተቱን ከተማው ጠጣ፤ እበቱ ማሳውን ዳግመኛ አላየውም።

የ1977ቱ ረሃብ የደጋው አፈር ምን ያህል እንደተሟጠጠ ዓለም ሁሉ እንዲያይ አደረገ። ስለ ድርቁና ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል፤ ለዘመናት ስለተቃጠለው ኩበት ብዙ ሲነገር አልሰማሁም።

ከ1983 እስከ 2003፦ ሁለት ድሎች

የደስታ በሽታ በክፉ ቀን አላበቃም ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም በየቆላው ይነሣ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አህጉራዊ ዘመቻ ከጀመረ በኋላ እንኳ ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ካልተያዘ ስለሚበላሽ ለአፋር በረሃ አልሆነም። መፍትሔው ከሁለት ወገን መጣ። ሙቀት ችሎ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተገኘ። የአካባቢው ሰዎች ደግሞ ሐኪም ከመጠበቅ ይልቅ ከራሳቸው መሐል መርጠው እንዲሠለጥኑ አደረጉ፤ አርብቶ አደሩ ራሱ ከከብቱ ጋር እየዞረ ከተበ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ላይ ነው። በ2003 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆነ። ለኢትዮጵያ እንስሳት ከዚህ የበለጠ መልካም ነገር የተደረገላቸው አይመስለኝም። የሠሩት ሰዎች ስለ «እንስሳት ደኅንነት» ሳይሆን ስለ ላሞቻቸው ነበር የሚያወሩት።

ሁለተኛው ድል በ1988 ትግራይ ውስጥ በአራት አካባቢዎች በትንሹ ተጀመረ። ሱ ኤድዋርድስ፣ ባለቤታቸው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ባልደረቦች ከገበሬዎች ጋር ሆነው ኮምፖስት መሥራት፣ ልቅ ግጦሽን መግታት፣ ሣር አጭዶ ማብላትና እበቱን ወደ ማሳ መመለስን አያያዙ። ከዓመታት ልኬት በኋላ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምርት ማዳበሪያ ከተደረገበት ጋር ተስተካከለ፤ በብዙ ሰብል በለጠ። የአገራችን አፈር አዳሽ ግብርና ስም ያለው ምሳሌ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይመች ነገር አለ። ልቅ ግጦሽ ሲቀር ተራራው ሣር ያበቅላል፣ ምንጩም ይመለሳል። ላሚቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በገመድ ትውላለች። ለአፈሩ የበጀው ለእሷ አልበጃትም። ገመዱ ምን ያህል ይርዘም፣ ጥላ ይኑራት ወይ፣ በቀን ስንት ሰዓት ትፈታ የሚለው ተራ ጥያቄ ይመስላል። ለአፈሩም ለከብቱም የሚበጅ እርሻ የሚሳካው ግን እነዚህ ሲመለሱ ነው፤ በየስብሰባው ደግሞ የሚዘለሉት እነዚሁ ናቸው።

ከ2003 እስከ 2017፦ አህያዋ፣ ስብሰባውና ዶዘሩ

በዓለም አህያ በብዛት ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ከ10 ሚሊዮን ይበልጣል። በ2009 ቢሾፍቱ ላይ የቻይና ባለሀብት አህያ ማረጃ ከፈተ፤ ቆዳው ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው። የሕዝቡ ቁጣ ፈጥኖ ነደደ። በርካታው የሃይማኖት ነውር ሆኖበት ነው። ሌላው ደግሞ ውኃዋንም፣ እህሏንም፣ ማዳበሪያዋንም የምታመላልስለት አህያ ዋጋ ሲንር ስላየ ነው። ማረጃው በወራት ውስጥ ተዘጋ። በየካቲት 2016 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድን በአህጉሩ ከለከሉ። ከሜክሲኮ አደባባይ አለፍ ብሎ ካለው የኅብረቱ ሕንፃ የወጣ አንድ ውሳኔ፣ በር ላይ ለምታልፈው አህያ በቀጥታ ሲደርስ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

በ2011 ነሐሴ መጨረሻ የአፍሪካ የእንስሳት ደኅንነት ጉባኤ በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ አዳራሽ ተካሄደ። የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ወደ ታች ቢወርዱ ተሰብሳቢዎቹ የሚነጋገሩበትን በሙሉ በአንድ ግቢ ያገኙት ነበር።

በ2015 «የሌማት ትሩፋት» ሲጀመር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር የየቤቱ ሥራ እንዲሆኑ ዘመቻ ተደረገ። የከተማው እንቁላል ጨመረ፤ ከእንቁላሉ ጋር እግር መዘርጊያ የሌለው የሽቦ ጎጆም በዛ። እንግሊዞች ከስድሳ ዓመት በፊት የጀመሩትን ክርክር እኛ ከጎጆው ጋር ሳናስመጣው ቀረን።

በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። የጣሊያን ቤቶቹ፣ የቀበሌዎቹ ጭቃ ቤቶችና በየጓሯቸው የነበረው ኑሮ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ላም የነበረው ሰው ላሙን ይዞ አዲስ በተሠራ የመኖሪያ መንደር አይገባም፤ ሸጧት ይሄዳል፤ የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ቤት ነው። የመሐል ከተማዋ የጓሮ ላም ታሪክ በዚህ በኩል የተዘጋ ይመስላል፤ በለቡና በአቃቂ ጫፍ ግን ገና አለ።

የቀረው ቄራው ነው። ከመሐል ከተማ ይውጣ ሲባል ዓመታት አልፈዋል፤ ዳር የነበረው ቦታ ዛሬ በአፓርታማ ተከብቧል፣ ነዋሪውም በመጥፎ ጠረኑ ተማሯል። የመዛወሩ ንግግር ስለ ሽታ፣ ስለ መሬት ዋጋና ስለ ማሽን ሲሆን ቆይቷል። ሰንጋው ከአይሱዙው ሲወርድ የሚያርፍበት ጥላና ውኃ፣ ማጅራቱን ከመውጋት የተሻለ ማደንዘዣ፣ ፈርሱና እጣቢው ብስባሽ የሚሆንበት ቦታና ያን ብስባሽ የሚያነሡ ገበሬዎች ከግንባታው ንድፍ ጋር አብረው ካልገቡ በኋላ ማስገባቱ ውድ ነው። ገዢው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ከመካኒሳ እስከ አቃቂ ያለው አትክልተኛ ፍግ ሲገዛ ነው የኖረው።